ዐሥራ ሁለት ወር ያለው ዓመት

ወለተ ሩፋኤል በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ አንሶላ ትጠግን ነበር። ከታጠበው ክምር የተቀደደውን ትለያለች፤ መሐሉ የሳሳውን ለሁለት ቀዳ ዳርና ዳሩን ወደ መሐል አምጥታ በእግር መኪናዋ ትገጥመዋለች። እንዲህ የተገለበጠ አንሶላ ሌላ ሁለት ዓመት ያገለግላል። በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት ግን ደሙ በሳሙናም በበረኪናም የማይለቅ አንሶላ የሚመጣባቸው ቀኖች ነበሩ። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እሷም አትጠይቅም። የበለዘውን ቆርጣ ታወጣና ከተረፈው የትራስ ልብስ ትሠራለች።

የዘጌ ሰው ናት። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር፤ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ቁጥር። እግዚአብሔር ወንድ ልጅ አልሰጣቸውምና ትምህርቱን ለሷ በጣቶቿ አንጓ ላይ እያስቆጠሩ አስተማሯት። ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ከጣቷ ላይ ታነብ ነበር። ባሕር ዳር ገብታ፣ ባል አግብታ፣ ባል ቀብራ፣ አንድ ልጇን አምሐን ስታሳድግ ይህ ዕውቀት አብሯት ኖረ። ጎረቤት "ዓቢይ ጾም ዘንድሮ መቼ ይገባል?" ለማለት ወደሷ ነው የሚመጣ። "እትዬ ወለተ ባለችበት ቀን አይጠፋም" ይሉ ነበር። ባትናገረውም ይህ አባባል ደስ ይላታል። ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

አምሐ የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥባቸውን ማቀዝቀዣዎች ይጠግን ነበር። በመስከረም ፲፱፻፸፩፣ ዘመነ ሉቃስ በገባ በሳምንቱ፣ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ዴንማርክ ላከው። ሲሸኙት ጎረቤታቸው የብርጓል፣

"ለመሆኑ ዴንማርክ ምን ታህላለች?" አለችው።

"ከጎጃም ታንሳለች።"

"ንጉሥ አላት?"

"ንግሥት ናት ያለቻት።"

"ቀስ በል እንጂ፣ አንተ" አለች የብርጓል፣ ግራ ቀኟን እያየች። "እዚያው ስትደርስ ንገረን።"

ሁሉም ሳቁ። ወለተ ሩፋኤል ግን ልቧ የሚያመሰግነው ሌላ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ወጣቱ በየቀበሌው ሲታፈስ የአምሐ ጓደኛ አንዳርጋቸው እቤቷ መጥቶ ሁለት ሌሊት አድሯል። እሷ ናት ያበላችው፤ እሷ ናት ከአምሐ አልጋ ሥር ያነጠፈችለት። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሄደ። በወሩ ተያዘ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቅ ነበር። አሁን ልጇ ባሕር ማዶ ነው። ዓመት እስኪሞላ ነገሩ ይረሳል ብላ አሰበች።

በጥር አጋማሽ ከአምሐ ዘንድ የተጠቀለለ ወረቀት መጣላት። ስትፈታው ቀን መቁጠሪያ ነው። ለያንዳንዱ ወር አንድ ትልቅ ሥዕል አለው፤ ከሥሩ ቀኖቹ በየሣጥናቸው ተደርድረዋል፤ እሑዶቹ በቀይ ቀለም ታትመዋል። አምሐ ዳሩ ላይ "እማዬ፣ ይህ የዚህ አገር ዓመት ነው። እኔ የማየውን አንቺም እዪው" ብሎ ጽፎበታል።

የብርጓል ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። "ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው። ዐሥራ ሦስተኛው ወር የት ገባ?"

"የላቸውም።"

"ድሆች" አለች የብርጓል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወለተ ሩፋኤል እርሳስ ቀርጻ ተቀመጠች። በያንዳንዱ ሣጥን ጥግ ላይ የኛን ቀን በግዕዝ ቁጥር ታሰፍር ጀመር። ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን እያለች ነሐሴን ጨረሰች። ጳጉሜን ገባች፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭ ብላ ስትጽፍ የቀበሌው ፊሽካ ከደጅ ተነፋ። ስብሰባ ነበር፤ የቀረ ሰው ስኳሩን ያጣል። እርሳሷን እዚያው አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ምርት ዘመቻ ሰማች። ተመልሳ ራሷን እያመማት እርሳሱን አነሣችና በቀጠለው ሣጥን ላይ "መስከረም ፩" ብላ ጻፈች። እስከ መጨረሻው ሣጥን ሞልታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ባንድ ላይ ኖረች። አንዱ የባሕር ዳር ዓመት ነው፤ የላምባ ሰልፍ፣ የስኳር ሰልፍ፣ ከሰሜን ጦር ግንባር በመኪና ተጭነው የሚመጡ ቁስለኞች፣ የቁስለኞቹ አንሶላ። ሌላው የግድግዳው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ በረዶ የሸፈነው ማሳና አንዲት ቀይ ቤት ነበሩ። አምሐ በደብዳቤው "ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትጠልቃለች፤ ሰዉ በየመስኮቱ ሻማ ያበራል፤ መጋረጃ አይዘጋም፤ የሚበላውን ሁሉ ከመንገድ ታያለሽ" አላት። መጋረጃ አለመዝጋታቸው አስገረማት። እሷ የራሷን መጋረጃ በመርፌ ቁልፍ ነበር የምትገጥመው።

በሁለተኛው ሥዕል ሰዎች በረዶ ሆኖ በረጋ ባሕር ላይ ይሄዳሉ። የብርጓል መጥታ ቆማ አየችው። "ጣና እንዲህ ቢረጋ እኮ ዘጌ በእግራችን እንገባ ነበር።"

"ጉማሬውስ?"

"እሱም ከበረዶው ሥር ይቅር፤ ከታች ሆኖ ይየን።"

ሦስተኛው የታረሰ መሬት ነበር፤ አፈሩ የደምቢያን አፈር ይመስል ጥቁር። አራተኛው ግን ጣጣ ይዞ መጣ። አንዲት ሴት ከሰገነት ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች፤ ከታች የቆመው ሕዝብ ትንንሽ ባንዲራ ይዟል። ንግሥቲቱ ናት፤ የልደቷ ቀን ነው። ስለዚህ ቀን አምሐ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርሳት ሦስት መስመር በጥቁር ቀለም ተሰርዞ ነበር።

የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ አበራ ለመሠረተ ትምህርት ሰው ሊመዘግብ ቤት ለቤት ሲዞር ሥዕሉ ፊት ቆመ። አባቱ የሞቱበት ልጅ ሳለ ወለተ ሩፋኤል ሱሪውን ብዙ ጊዜ ጠግናለታለች።

"ይህች ሴትዮ ማን ናት?"

"የዚያ አገር ንግሥት።"

"ንግሥት" አለ ጓድ አበራ። "እኛ ዘውድ ስናወርድ እትዬ ወለተ ዘውድ ይሰቅላሉ።"

"እዚያ ነው እንጂ እዚህ ምን ታደርገኛለች፣ ልጄ። እኔ ለቀኑ ነው የሰቀልሁት።"

ጓድ አበራ እርሳስ የተጻፈባቸውን ሣጥኖች ዐየ። ፈገግ ለማለት ቃጥቶት ተወው። "ወሯ እስኪያልፍ ይገልብጧት" አለና ወጣ።

እሷም ገለበጠች። ሚያዝያ ሳያልቅ ግድግዳው ላይ አምስተኛው ወር ገባ። በሥዕሉ ላይ ገና ቅጠሉን ያወጣ ጫካ ነበር፤ አምሐ "ዘጌን መሰለችኝ፤ ብቻ ቡና የለባትም" ብሎ ጻፈ። በስድስተኛው ባሕር ዳር ላይ የተከመረ እንጨት ይነዳል። "በዮሐንስ ዋዜማ ያነዱታል። እንደኛ ደመራ ነው፤ ግን ካህን የለውም፤ ዝም ብለው ከበው ይዘፍናሉ። ሰማዩ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አይጨልምም። እዚህ የሚያስፈራ ነገር ስለሌለ መሰለኝ ቀኑን የሚያስረዝሙት" የሚል መስመር ነበረው። ይኸኛውን ሳንሱሩ አሳልፎታል።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታም ገባች። አንድ ጠዋት ቦኖ ላይ ውኃ ለመቅዳት ተሰልፋ ሳለ የብርጓል ከኋላዋ መጥታ ቆመች። ወንድሟ የቀበሌው ጸሐፊ ነበር።

"እትዬ፣ ፊትሽን ወደኔ አታዙሪ" አለች የብርጓል ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንዳርጋቸው ስም ሰጥቷል። አሳደሩኝ ካላቸው ውስጥ አምሐ አለበት።"

ወለተ ሩፋኤል እንስራዋን ከመሬት አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። "ከዚያ ይይዙታል?"

"መሥሪያ ቤቱ እንኳ አልተነገረውም። ሲመጣ ከቤቱ ይወሰዳል ነው የተባለ።"

"እኔ እኮ ነኝ ያበላሁት።"

"አንቺን አልጠራም። ዝም በይ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወለተ ሩፋኤል አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ አምሐ እቤቱ ሳይገባ እንድታገኘው። አትምጣ ብላ እንዳትጽፍለት ደብዳቤ ይከፈታል፤ ባይከፈትም ወር ተኩል ይፈጃል። ንግሥቲቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጣጣ እንዳታመጣ ብላ ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አወረደችና ጠቅልላ ከፍራሿ ሥር አደረገችው።

ጳጉሜን ፪ ቀን ቴሌግራም መጣ ተብላ ፖስታ ቤት ተጠራች። በላቲን ፊደል ስለተጻፈ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አነበበላት፤ "ሴፕቴምበር ዐሥራ አምስት ባሕር ዳር እገባለሁ። አምሐ።"

"በኛ ስንት እንደሚውል ላስላልዎ?" አላት ሠራተኛው።

"አይ፣ ልጄ፤ እቤት ተሰልቶ ተቀምጦልኛል።"

እቤቷ ገብታ ፍራሹን ገለጠች፤ ዘጠነኛውን ወር ፈልጋ ዐሥራ አምስተኛውን ሣጥን አየች። ጥጉ ላይ በራሷ እጅ "፭" ተጽፎበታል። መስከረም አምስት። መልሳ ጠቀለለችው።

ጳጉሜን አምስት ቀን ጠበል ሄደች። ጳጉሜን ስድስትም ሄደች፤ ዝናብ ነበር፤ ከሴቶቹ ጋር ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ስትመለስ "የሉቃስ ጳጉሜን ጭማሪ አላት፤ አንድ ቀን የበለጠ እንታጠባለን" እያሉ ሲሳሳቁ እሷም ሳቀች። ረቡዕ ዕለት መስከረም አንድ ሆነ፤ ዘመነ ዮሐንስ ገባ።

ዐርብ መስከረም ሦስት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ እንጨት ሽጠው ከሚመለሱ የዘጌ ሰዎች ጋር በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻገረች። የአጎቷ ልጅ ወልደ ሐዋርያት ታንኳ ነበረው። ዕድሜውን ሁሉ ሲቀዝፍ ትከሻው የጎበጠ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሁሉን ነገረችው። እሑድ ጠዋት እሷን ከአውሮፕላን ማረፊያው በታች ካለው ደንገል ውስጥ ያወርዳታል፤ እዚያው ተሸሽጎ ይቆያል፤ አምሐን ይዛለት ስትመጣ በሌላ አቅጣጫ ወደ ደልጊ ያሻግረዋል። ከደልጊ በቆላው በኩል ሱዳን ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ።

"እሑድ?" አለ ወልደ ሐዋርያት።

"እሑድ።"

"በሰንበት መቅዘፊያ ይዤ አላውቅም፣ እታለም።"

"አውቃለሁ።"

"ልጁ ሌላ ቀን አጥቶ ነው?"

"አምስተኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ምን ላድርገው?"

"ይሁን" አለ። "ንስሐውን ለሁለት እንገባዋለን።"

ቅዳሜን ዘጌ ዋለች። ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች፤ የወልደ ሐዋርያትን አሮጌ ጋቢ ቀዳዳ ደፈነች፤ የአባቷን መቃብር ተሳለመች። ቀትር ላይ አውሮፕላን ከሐይቁ ማዶ ሲያርፍ ሰማች። አውሮፕላኑ በየቀኑ ይመጣልና ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ወልደ ሐዋርያት ቀዘፈ፤ ደንገሉ ውስጥ ሲደርሱ ታንኳዋን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ተኛባት። ወለተ ሩፋኤል ጭቃውን ከእግሯ አጥባ ጫማዋን አደረገችና ወደ ማረፊያው ወጣች። ከአጥሩ አጠገብ ቆመች። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ሆነ። ቀትር ሲቃረብ አውሮፕላኑ መጣ። መሰላሉ ተጠጋ፤ አንድ መኮንን ወረደ፤ ሁለት ፈረንጆች፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ አንድ ቄስ፤ ሌላም ሌላም። ከዚያ መሰላሉ ባዶ ሆነ።

ሻንጣ የሚያወርደውን ሰው ጠጋ ብላ ጠየቀችው። "ከፈረንጅ አገር የሚመጣ ልጅ አላየህም፣ ወንድሜ? ረዥም፣ ቀጭን።"

"ነጭ ሹራብ የለበሰ?"

"የለበሰውን አላውቅም። ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው።"

"እሱማ ትናንት ገባ። እናቴ ትመጣ ነበር እያለ እዚህ አጥር ሥር ብዙ ቆመ። ኋላ በጋሪ ሄደ።"

"ትናንት አይደለም" አለች ወለተ ሩፋኤል። "ዛሬ ነው የሚመጣው፤ በፈረንጅ ዐሥራ አምስት።"

ሰውየው በአውራ ጣቱ ወደ ቢሮው ግድግዳ አመለከታት። እዚያ አየር መንገዱ የሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ዐሥራ ስድስት የሚል ትልቅ ቀይ ቁጥር። ቀይ። እሑድ ነዋ። የዴንማርኩ እሑዶችም ቀይ ነበሩ፤ የዘጠነኛው ወር ዐሥራ አምስተኛ ሣጥን ግን ጥቁር ነው፤ ቀዩ ቀጥሎ ነው ያለው። ያን ጊዜ ፊሽካው ጆሮዋ ላይ ተነፋ፤ እርሳሱ ከጳጉሜን አምስት ላይ ተነሥቶ መስከረም አንድ ላይ ሲያርፍ ታያት። የመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ልጅ በሉቃስ ዓመት ጳጉሜንን በአምስት ዘግታዋለች።

ወደ ቤቷ እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። የሰፈሩ በር ሁሉ ገርበብ ብሏል። ደጃፏ ላይ የብርጓል ተቀምጣ ነበር፤ ስታያት ተነሣች።

"ትናንት ከገበያ ስመለስ በርሽ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት" አለች። "ሻንጣውን ደገፍ ብሎ ሲጠብቅሽ። በጆሮው ነገርሁት። 'እናቴ የት ናት?' አለኝ። ዘጌ መሄድሽን እንጂ በየት በኩል እንደምትመጪ አልነገርሽኝም፣ እትዬ።"

"ለማንም አልነገርሁም። እንዳይሰማ ብዬ ነው።"

"ወደ ባሕሩ ልሂድ ብሎ ሻንጣውን አነሣ። ሁለት እርምጃ አልሄደም። አበራና ሦስት ጠመንጃ የያዙ መጡ። አበራ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሻንጣውንም ወሰዱት።"

ወልደ ሐዋርያት እስኪመሽ ደንገሉ ውስጥ ጠበቀ። ማንም አልመጣለትም። በማግስቱ የሆነውን በሰው ላከችለት።

የዚያን ሳምንት ቀን መቁጠሪያውን ከፍራሹ ሥር አወጣችው። በዳቦ ፍርፋሪ እያሸች የእርሳሱን ጽሕፈት ከዘጠነኛው ወር ዐሥራ አንደኛ ሣጥን ጀምሮ አጠፋች፤ በዚያ ላይ "ጳጉሜን ፮" ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አንድ አንድ ቀን ወደኋላ መለሰችው። ሰዓታት ፈጀባት፤ ከዚያ መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ለምን እንደምታደርገው ራሷም አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሮዋ ስንቅ ሆነ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። እሑድ አይቀበሉም፤ ቅዳሜ የሁለት ቀን ታስገባለች። ልጇን አታየውም፤ ምሳ ዕቃው ገብቶ ባዶውን ይመለሳል። አምሐ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሲበላ የመጨረሻዋን ቁራሽ አይጨርስም፤ "የእማዬ" ብሎ ያስቀራል። ምሳ ዕቃው ሲመለስ ክዳኑን ስትከፍት ከጥጉ ላይ አንዲት ቁራሽ እንጀራ ታገኛለች። እዚያው አጥር ሥር ቆማ ትበላታለች። ከዚያ ወደ አንሶላዎቿ ትሄዳለች።

በኅዳር አጋማሽ ሣህሉ የሚባል ልጅ የሸሚዙን እጅጌ ሊያሰፋ መስሎ ወደ መኪናዋ መጣ። በጥቅምት ታስሮ ገና መለቀቁ ነው፤ የሰፈሯ ልጅ ነው። እጅጌው አልተቀደደም።

"ከአምሐ ጋር አንድ ክፍል ነበርሁ" አለ፤ ወደ መስኮቱ እያየ። "እርስዎ እሑድ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው እንደነበር እኔ ነኝ የነገርሁት። ከሰፈር ሰምቼ ነበር። ከዚያ በፊት የሚያመው እሱ ነበር፤ እናቴ ምን ሆና ቀረች እያለ።"

"ምን አለ?"

"በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። 'የአያቴን ስም አጠፋች' አለ። 'ጳጉሜንን በላቻት' አለ።"

ወለተ ሩፋኤል እጇን ከመርፌው ሥር አወጣች።

"ለእማዬ ንገራት ያለኝ ሌላ ነው" አለ ሣህሉ። "'ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር በሌለው አገር ዓመት ተቀምጬ የአገሬን ቀን ረሳሁ። ቴሌግራሙን በኛ ቀን መጻፍ ነበረብኝ' በልልኝ ብሏል።"

ሸሚዙን አውልቆ ሰጣት፤ ያልተቀደደውን እጅጌ ዳሩን ቀመቀመችለት።

ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል ነበር። የነቢያት ጾም ስለሆነ ተልባና ምስር ወጥ ሠራች፤ ለበዓሉ ብላ አምባሻ ጨመረች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ክዳኑን ስትከፍተው ቁራሽ የለበትም። ጥርግ ብሏል። ርቦት ነው አለች። አምባሻው ጣፍጦት ይሆናል አለች። እሑድን እንዲህ እያለች ዋለች።

ሰኞ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ወረፋዋ ደርሶ ስንቋን አቀበለች። ዘበኛው ስሙን በወረቀቱ ላይ ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን እንደተዘጋ መለሰላት።

"ከእንግዲህ አታምጪ፣ እናቴ።"

"ተዛወረ?"

"አታምጪ ነው የተባልሁ።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። ማልቀስ ክልክል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የፀረ ሕዝብ ሬሳ አይለቀስለትም ተብሏል። ትኩሱን ምሳ ዕቃ ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ቀን መቁጠሪያው ላይ ዐሥራ ሁለተኛው ሥዕል ነበር፤ በበረዶ መሐል የምትታይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ መስኮቶቿ ሁሉ በርተው። የዚያ አገር ዓመት የሚያልቀው ያን ቀን ነበር። ከመጨረሻው ሣጥን ወዲያ የሚገለጥ ቅጠል የለም።

ሬሳ አልተሰጣትም፤ መቃብር አላሳዩዋትም። ዘጌ ተሻግራ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብን ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ።

"አርባውን ላውጣለት ብዬ ነው፣ አባቴ። በስውር።"

"ይወጣል" አሉ። "ያረፈበት ቀን መቼ ነው?"

ቅዳሜ የተበላው ምግብ እሱ የበላው እንደሆነ አታውቅም። እሑድ ስንቅ አልገባም። ሰኞ ተመለሰ። ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ አንጓዎቿ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

"አላውቀውም" አለች። "ከሦስቱ ባንዱ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ።"

መነኩሴው በመቋሚያቸው መሬቱን ትንሽ ጫሩ። "መሐለኛውን እንያዝ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

"እሱ ያውቀዋል። እኔ ነኝ የማላውቀው።" ድምጿ ከወትሮው አልጨመረም። "አንድ ቀን ጎድላብኝ ነው ልጄ የሄደ። አሁን ሌላ አላጎድልም። ሦስቱንም ያድርጉልኝ።"

"ለአንድ ሰው ሦስት ተዝካር?"

"ትንሽ ትንሽ አደርገዋለሁ።"

መነኩሴው አላንገራገሩም። ጥር ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ቀን ወለተ ሩፋኤል ዘጌ ሰነበተች። ወልደ ሐዋርያት ከጫካው እንጨት አመጣላት። ሦስቱንም ቀን ዳቦ ጋገረች፤ አንድ ጋን ጠላ ለሦስት ከፈለችው። ረቡዕና ዐርብ ጾም ስለሆኑ ሽሮ፣ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሥጋ ለማይበሉት መነኩሴ ሽሮ፣ ለሌሎቹ አንድ ዶሮ ሠራች። መነኩሴው፣ ሁለት ዲያቆናት፣ ወልደ ሐዋርያትና ሦስት የኔ ቢጤዎች በሉ። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሩ ተዘግቶ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከተነሡ በኋላ ከገበታው ላይ የተረፈችውን አንዲት ቁራሽ አንሥታ በላች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ለልጇ ሙት ዓመት የሦስት ቀን ፈቃድ ትጠይቃለች። የክፍሉ ኃላፊ ምክንያቱን ካላወቅሁ አልፈርምም ያለበት ዓመት ነበር። ወለተ ሩፋኤል ተከራክራ አታውቅም። የእግር መኪናዋን አቧራ ጠርጋ፣ መሸፈኛዋን አልብሳ፣ ሳይፈረምላት ወደ ባሕሩ ወረደች።